ዋና የማትችለው ሴት፦ 117 ቀናት በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1973፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። ከፓናማ ተነስታ ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች በምትጓዝ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ሚስትየው የሌሊት ጥበቃ ተራዋን ጨርሳ ባሏን ልትቀሰቅስ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ ጀልባዋን አንድ ከባድ ነገር ከጎን ገጫት። ሁለቱም ሮጠው ሲወጡ ያዩት 12 ሜትር የሚሆን ዓሣ ነባሪ ነው። ደም እየፈሰሰው፣ በጅራቱ ውሃውን እየደበደበ ይወራጫል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ታች ጠለቀና ጠፋ።

እሱ ሄደ፤ ቀዳዳው ግን ቀረ። ከውሃው ወለል በታች፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ። ባልየው ሸራ ከውጭ አልብሶ ሊያፍነው ሞከረ። ሚስትየው ብርድ ልብስና ትራስ ከውስጥ ጠቀጠቀች። ፓምፑም ሠራ። ውሃው ግን ከሁሉም ቀደማቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባዋ ሸራዋን እንደዘረጋች ቁልቁል ወረደች። ለዓመታት ጥሪታቸውን ሁሉ ያፈሰሱባት ቤታቸው ነበረች። ከመስጠሟ በፊት ፎቶ አነሷት።

ባልየው ሞሪስ ቤይሊ፣ ሚስትየው ማራሊን ይባላሉ። የደርቢ ከተማ ሰዎች ናቸው። እሱ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ እሷ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ሁለቱም ባለጸጋ አልነበሩም፤ የባሕር ኃይል ዝናም፣ የአሳሽነት ታሪክም የላቸውም። በ1963 ተጋቡ። ልጅ ላለመውለድ ተስማምተዋል። ሞሪስ ከእሷ በ9 ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ በልጅነቱ ሕመም ያደከመው፣ ከሰው ጋር መቀላቀል የሚከብደው፣ ነገር ሁሉ በሥርዓት ካልሆነ የማይረጋጋ ሰው ነው። ማራሊን ግን ሐሳብ አፍላቂዋ ነች። «ቤታችንን ሸጠን ጀልባ እንግዛ፣ በእሷ እንኑር፣ ወደ ኒውዚላንድ እንሂድ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከእሷ ነው። ሞሪስ መጀመሪያ እብደት መሰለው፤ ቆይቶ እሱም ተሳበ። 9 ሜትር ተኩል የምትረዝመውን ጀልባ ከሁለቱም ስም ቆርጠው ኦራሊን አሏት። በጁን 1972 ከሳውዝሃምፕተን ተነስተው አትላንቲክን አቋረጡ፤ በፌብሩዋሪ 1973 የፓናማን ቦይ አልፈው ሰላማዊ ውቅያኖስ ገቡ።

ማራሊን ዋና አትችልም ነበር።

ስለ እነዚህ ሰዎች የሚያነብ ሁሉ የሚቆጣበት አንድ ውሳኔ አለ። ሞሪስ ጀልባዋ ላይ መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ እንዳይገጠም ከልክሏል። ምክንያቱም ከውጭው ዓለም ጣልቃ ገብነት ነጻ መሆን ስለፈለገ ነው። ለሰው ፊት ጀርባውን የሰጠ ሰው አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው እንዲያየው ሲለምን መክረሙ ምጸት ነው። ፍርዱ ግን ትንሽ መለዘብ አለበት። በዚያ ዘመን ትንንሽ ጀልባዎች ላይ የሚገጠመው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በላይ አይሰማም። እነሱ የሰጠሙት ከጋላፓጎስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው። የረጅም ርቀቱ ሬዲዮ ውድና ኤሌክትሪክ በላተኛ ነበር። ዛሬ ውሃ ሲነካው በሳተላይት የሚጮኸው መሣሪያ ደግሞ ገና አልነበረም፤ በዚያ የሳተላይት ሥርዓት የመጀመሪያው ሰው የዳነው በ1982 ነው። ስለዚህ የሞሪስ ውሳኔ ስህተት መሆኑ ባይካድም፣ ብቻውን ገደላቸው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል።

የዳኑበት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው በአየር የሚነፋ፣ ጣሪያ ያለው፣ ክብ የነፍስ አድን ጀልባ ነው። የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አንባቢ አንድ አልጋ በሐሳቡ ያምጣ፤ ከዚያ ያነሰ ቦታ ነው። ሁለት ሰው እግሩን አብሮ መዘርጋት አይችልበትም። ሁለተኛው 2 ሜትር ከ70 የሚረዝም የጎማ ታንኳ ነው። ሁለቱን በገመድ አስረው አንዱን መኝታ፣ ሌላውን ዕቃ ቤትና ማጥመጃ አደረጉ።

በዚያች አንድ ሰዓት ማራሊን እጇ የደረሰበትን ሁሉ እያነሳች ወደ ታንኳው አወረደች። 45 ሊትር ያህል ውሃ፣ የታሸጉ ምግቦች፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ኮምፓስ፣ ካርታ፣ ሞሪስ በፀሐይ አቅጣጫ ቦታውን የሚለካበት ሴክስታንት፣ ቢላዋ፣ መቀስ፣ ፓስፖርት፣ ካሜራ፣ ሁለት መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ የዕለት ማስታወሻ። ሰው ሊሞት ሲል መዝገበ ቃላት ማንሳቱ ያስቃል፤ ግን ኋላ ጠቀማቸው። ያልተነሳው ነገር ደግሞ መንጠቆ ነው። የድንገተኛ አደጋ ቦርሳው ውስጥ አንድም የዓሣ መንጠቆ አልነበረም። ዓሣ በሚርመሰመስበት ውቅያኖስ መካከል ተቀምጠው ማጥመጃ የላቸውም።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ቀዘፉ። የሞሪስ ስሌት ቀላል ነበር፤ ወደ ደቡብ በቂ ርቀት ከቀዘፉ፣ ወደ ምዕራብ የሚነዳው የባሕር ሞገድ ራሱ ጋላፓጎስ ላይ ይጥላቸዋል። ቀን ቀን ፀሐዩ ስለሚያነድ ሌሊት ይቀዝፋሉ፤ እጃቸው ቆሰለ፤ ከውሃው ድርሻም ተጨማሪ ጠጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞሪስ በሴክስታንቱ ለክቶ ያወቀው ነገር ሞገዱ እነሱ ወደ ደቡብ ከሚሄዱት ይልቅ ፈጥኖ ወደ ምዕራብ እየወሰዳቸው መሆኑን ነው። ደሴቶቹ አመለጧቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ አቅጣጫ እስከ ሺዎች ኪሎ ሜትር ድረስ ውሃ ብቻ ነው። መቅዘፊያውን አስቀመጡ።

ሁለቱ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሞሪስ ቁጥሩን ያውቃል። ካርታው ላይ ያሉበትን ነጥብ፣ የቀረውን ውሃ፣ የመርከብ መስመሮችን ርቀት አስልቶ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሞት። ዕውቀቱ ጠላቱ ሆነ። ራሱን ይወቅሳል፤ ካፒቴኑ እሱ ነው፣ መርከቧን ያጣው እሱ ነው፣ ሬዲዮውን የከለከለው እሱ ነው። ማራሊን ግን እንደሚተርፉ እርግጠኛ ነበረች፤ ጥያቄዋ «መቼ» የሚል ብቻ ነው። ይህን እምነቷን ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ተአምር ያወሩታል። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ማራሊን ቁጭ ብላ ተስፋ አላደረገችም፤ የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የምታደርገውን አደረገች። ቆርቆሮዎቹን ቆጠረች፣ መዘገበች፣ ለቀን ከፈለች። ማን መቼ እንደሚጠጣ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ወሰነች። ቀኑን በሥራ ሸነሸነችው።

መንጠቆውንም የሠራችው እሷ ናት፤ ከመርፌ ቁልፍ። መርፌ ቁልፉን አጥፋ፣ ክር አሰረችበትና ወደ ውሃው ጣለችው። ከነፍስ አድን ጀልባው በታች አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ነገር በቅሎ ስለነበር ትንንሽ ዓሦች ጥላውን ተከትለው ተሰብስበዋል። እነሱን ለመብላት ትልልቆቹ ይመጣሉ፤ ትልልቆቹን ለመብላት ሻርክ ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች ሳያውቁት ተንሳፋፊ ገበያ ከፍተው ነበር። ዓሣውን በጥሬው በሉት። ዓይኑን ሳይቀር በሉ፤ ዓይን ውሃ አለበት።

የመጀመሪያዋን የባሕር ኤሊ ማረድ ግን ከበዳቸው። ኤሊዎቹ ራሳቸው እየመጡ የጎማውን ጀልባ ይጎሽማሉ፤ የዋሆች ናቸው። ቢላዋው ደነዝ ነው። ሞሪስና ማራሊን እንስሳ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ በደነዘ ቢላዋ የኤሊ አንገት መገዝገዝ ምን እንደሚመስል በኋላ ሳያሳምሩ ጽፈውታል። ረሃቡ ሲጠና ማመንታቱ ቀረ። ሥጋውን፣ ጉበቱን፣ እንቁላሉን በሉ፤ ትርፉን ለዓሣ መሳቢያ አደረጉ። ጀልባው ላይ ለማረፍ የሚመጡ፣ ሰው የማይፈሩ የባሕር ወፎችንም ሞሪስ በእጁ ይይዛቸው ነበር። ቆይቶ ማራሊን ትንንሽ ሻርኮችን በጅራታቸው ይዛ ከውሃ መሳብ ጀመረች፤ ሞሪስ ጭንቅላታቸውን በፎጣ ጠቅልሎ ይታገላል። ዋና የማትችል ሴት ሻርክ በእጇ ታጠምዳለች ቢባል ተረት ይመስላል።

በኤሊዎቹ ሌላም ነገር ሞክረዋል። አንዲት ትልቅ ኤሊ በገመድ አስረው ብትጎትተንስ ብለው አሰቡ፤ ኤሊዋም ወደፈለጉት አቅጣጫ መጎተት ጀመረች። ሁለት ሲሆኑ ፍጥነቱ ይጨምራል ብለው ሌላ ጨመሩ። ሁለተኛዋ በተቃራኒው ዋኘች። የመንግሥት ኮሚቴ የሚያውቅ አንባቢ ምስሉ አይጠፋውም።

ረሃቡን እንዲህ ቻሉት። ጭንቅላታቸውን መቻል ሌላ ሥራ ነበር። ማራሊን ከማስታወሻ ደብተሩ ወረቀት ቆርጣ መጫወቻ ካርታ ሠራች፤ ዶሚኖም ሠራች። መጻሕፍቱን ደጋግመው አነበቡ። ስለ ምግብ ማውራትን እንደ ሥራ ያዙት፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማንን እንደሚጋብዙ፣ ምን ቀድሞ፣ ምን ቀጥሎ እንደሚቀርብ ማራሊን በማስታወሻዋ ዘርዝራ ጻፈች። ከሁሉ የሚገርመው የጀልባው ንድፍ ነው። የሰጠመችውን የሚተካ ሁለተኛ ጀልባ ነደፉ፤ ስሟም ኦራሊን 2። ወጥ ቤቷ የት እንደሚሆን፣ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ፣ ለረጅም ጉዞ ምን ምን እንደሚጫን ተከራከሩ። የሚቀጥለውን ጉዞም ፓታጎኒያ ብለው ወሰኑ። እንግዲህ ይህን የሚያቅዱት ውሃቸውን በጽዋ እየለኩ፣ ከወገባቸው በታች በጨው ቁስል እየተላጡ ነው።

መርከቦችም አለፉ። የመጀመሪያው በስምንተኛው ቀን አካባቢ ነው። ርችት ተኮሱ፤ አንዳንዱ አልነሳ አለ፣ የነሳውንም የመርከቡ ሰው አላየውም። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እስከ ሰባት ደረሰ። ሰባት መርከብ! አንዳንዱ እጅግ ቅርብ ነበር። ጮኹ፣ ልብስ አውለበለቡ። ማንም አልዞረም።

ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ቁጣ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የክፋት አይመስልም። ጎማ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለ ሰው የሚያየው አድማስ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ የመርከቡ ምሰሶ ረጅም ስለሆነ ግን መርከቡን ከሩቅ ያየዋል። ከመርከቡ በኩል ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። ነጭ አረፋ በሚግለበለብበት ባሕር ላይ አንድ ትንሽ ነጠብጣብ፣ በማዕበል ጀርባ ብቅ ጥልቅ የምትል ናት። ትልቁ መርከብ በራሱ መሪ እየሄደ፣ ተረኛው መኮንን ብቻውን ቡናውን ይዞ ቆሟል። የባሕር ሕግ በአደጋ ላይ ያለን ሰው ያየ ካፒቴን እንዲረዳ ያስገድዳል፤ ይህ ግዴታ ከ1910ሩ የብራስልስ ስምምነት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሰነድ ሰፍሮ ይገኛል። መሬት ላይ ያለ ሰው እንደሚያውቀው ግን ማንም ይኖራል ብሎ በማይጠብቅበት ቦታ ሰውን ማየት ከባድ ነው።

ሞሪስን የሰበረው ከረሃቡ ይልቅ ይህ ነው። መርከብ ባለፈ ቁጥር ወደ ውስጡ ይገባል። ማራሊን ከሰባተኛው በኋላም «የሚቀጥለው» ትል ነበር።

ዝናቡ ሲመጣ ውሃ ተገኘ፤ ግን የጣሪያው ቀለምና ጎማ እየታጠበበት የሚመር ውሃ ነው። ከዝናቡ ጋር ማዕበሉ መጣ። ታንኳው ተገልብጦ ማጥመጃዎቻቸውን በላ። እንደገና ከመርፌ ቁልፍ ጀመሩ። እሾኽ ያላቸው ዓሦች የነፍስ አድኑን ጀልባ በሱት፤ ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት በእጅ ፓምፕ አየር መሙላት ግድ ሆነ። እንቅልፍ በቁርጥራጭ ሆነ። ሞሪስ በትኩሳትና በሳል ወደቀ፤ በዚያ ሳምንት ማጥመዱም፣ መንፋቱም፣ ውሃ መቅዳቱም፣ እሱን ማጉረሱም የማራሊን ነበር። ልብሳቸው በላያቸው በሰበሰ። አንድ ቀን ሌላ ትልቅ ዓሣ ነባሪ አጠገባቸው ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሹን እየረጨ ቆመ። ጀልባቸውን ያሰጠመው ዓይነት እንስሳ ነው። ሳይነካቸው ሄደ።

ስለዚያ የመጀመሪያው ዓሣ ነባሪ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሞሪስና ማራሊን እንስሳው ቀድሞም የቆሰለ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። ግምት ነው። ዘመኑ ግን የዓሣ ነባሪ አደን የደራበት ነው፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስፐርም ዌል የሚባለው ዝርያ ብቻ በየዓመቱ ከ20 ሺህ በላይ ይገደል ነበር። የንግድ አደኑ በዓለም አቀፍ ውሳኔ የቆመው ከ1986 ጀምሮ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ በኖቬምበር 1820 ኤሴክስ የተባለች አሜሪካዊት የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብን በዚያው ውቅያኖስ ላይ ያሰጠማት ስፐርም ዌል ነው፤ ሄርማን ሜልቪል ሞቢ ዲክን ሲጽፍ መነሻ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ እሱ ነው። ከቤይሊዎቹ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀድሞ፣ በጁን 1972፣ ሮበርትሰን የተባለ የስኮትላንድ ቤተሰብ ጀልባ እዚያው ጋላፓጎስ አካባቢ በገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ተመትታ ሰጥማለች። እነሱን ከ38 ቀናት በኋላ ያነሳቸው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ነው። ይህን መርከብ አንባቢ ልብ ይበል።

ጁን 30 ቀን 1973፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ማራሊን የሞተር ድምፅ ሰማች። ሞሪስን ቀሰቀሰችው። እሱ ለመነሳት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም፤ ስምንተኛ ማለፍን ማየት አልፈለገም። እሷ ታንኳው ላይ ሆና ልብስ አውለበለበች። መርከቡ አለፋቸው። ራቀ። ከዚያ ዞረ።

ወልሚ 306 የተባለ የደቡብ ኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ነበር። ከአትላንቲክ ላይ የሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ጨርሶ ወደ ቡሳን ወደብ እየተመለሰ ነው። ሰባቱ ትልልቅ መርከቦች ያላዩትን ይህ ትንሽ መርከብ ለምን አየው? ዓሣ አጥማጅ ባሕሩን ለእንጀራው ሲል ያያል። የወፍ መንጋ፣ የውሃው ቀለም፣ ተንሳፋፊ ግንድ፣ ሁሉም ለእሱ ገበያ የሚያመለክት ምልክት ነው፤ የመርከቡም ወለል ለውሃው ቅርብ ነው። ሮበርትሰኖችንም ያየው ዓሣ አጥማጅ መሆኑ እንዲሁ አጋጣሚ ብቻ አይመስልም።

እነዚያ ኮሪያውያን እነማን ናቸው? የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋባት ደቡብ ኮሪያ የተኩስ አቁሙ ከተፈረመ ገና 20 ዓመቷ ነበር። ድሃ አገር ነች። ወጣቶቿ ከቤተሰብ ተለይተው ለዓመታት ሩቅ ባሕር ላይ እያጠመዱ የውጭ ምንዛሪ ወደ አገር ይልኩ ነበር። ካፒቴኑ ሱ ቾንግ ኢል ይባላል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሚስትና ልጅ የሚጠብቃቸው እነዚህ ሰዎች ሁለት ልብስ አልባ፣ ቆዳና አጥንት የሆኑ ፈረንጆችን ተሸክመው ወደ መርከቡ አወጡ። ባልና ሚስቱ እግራቸው አልቆም አለ፤ እያንዳንዳቸው 18 ኪሎ ያህል ከስተው ነበር። በትኩስ ወተት ጀመሩላቸው። ካፒቴኑ ምግቡን ቀስ በቀስ እንዲጨመር አደረገ፤ ጀማል ሆድ ያልለመደውን ድንገት ሲሞሉት ሰው እንደሚጎዳ ያውቃል። ልብስ አዋጡላቸው። ቋንቋ ሳይግባቡ ወዳጅ ሆኑ። ካፒቴኑ ጉዞውን ወደ ሆኖሉሉ አዙሮ በጁላይ 13 ጋዜጠኞች ለተሰለፉበት ወደብ አስረከባቸው።

በ117 ቀናት ውስጥ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፍፈዋል። ጣቱን ይዞ የሚቆጥር አንባቢ ከማርች 4 እስከ ጁን 30 ድረስ 118 ቢያገኝ አይገረም፤ 117 የሚለው የመጽሐፋቸው ርዕስ ስለሆነ ቁጥሩ በዚያው ጸና።

ጋዜጦቹ ያወሩት ስለ ፍቅር ነው። ባልና ሚስት፣ ባሕር፣ ፍቅር፤ ለሽያጭ የሚመች ታሪክ ነበር። ፍቅር አልነበረም ማለት አይቻልም። ግን ፍቅር መንጠቆ አይሠራም። ብዙ የተፋቀሩ ሰዎች ባሕር ላይ አልቀዋል። ብቻቸውን ሆነው የተረፉም አሉ፤ ቻይናዊው ፑን ሊም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከቡ ተመትቶ ከሰጠመ በኋላ በአትላንቲክ ላይ 133 ቀናት ብቻውን ቆይቷል፣ አሜሪካዊው ስቲቨን ካላሃን በ1982 76 ቀናት ቆይቷል። የቤይሊዎቹን ሁኔታ የሚለየው በመጽሐፋቸው ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ ነገር ነው። ካፒቴንነቱ እጅ ቀየረ። ጀልባዋ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው፣ አቅጣጫ የሚለካው ሞሪስ ነበር፤ ከሰጠሙ በኋላ ግን ማንም ሳያውጅ፣ ሳይጨቃጨቁበት አዛዧ ማራሊን ሆነች። ሞሪስም ይህን አልተቃወመም፤ ከዚያም አልፎ አልደበቀውም። በዚያ ዘመን አንድ ወንድ፣ ያውም በባሕር ጉዞ መጽሐፍ ላይ፣ «ያተረፈችኝ እሷ ናት፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር» ብሎ ማመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌሎች ጸሐፊዎች ጀግንነቱን ሊሰጡት ሲሞክሩ እንኳ እሱ ወደ እሷ ይመልሰው ነበር።

ዕድልም ድርሻ አለው፤ እሱን መካድ አያስፈልግም። የተንሳፈፉበት ባሕር ዓሣና ኤሊ የሞላበት ነው፤ የዝናቡ ወቅት ውሃቸው ባለቀበት ጊዜ ደረሰ፤ ውሃው ሞቃት ነው። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ቢሆን ኖሮ የማራሊን መዝገብ ከሳምንት አያልፍም ነበር።

ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ቤት የላቸውም፣ ገንዘብ የላቸውም፣ ሥራ የላቸውም። ሰዎች መሬት ላይ ተረጋግተው ይኖራሉ ብለው ጠበቁ። መጽሐፋቸው በ1974 ወጣ፤ በሽያጩም ጀልባ አሠሩ። ኦራሊን 2 አሏት። በ1975 ወደ ፓታጎኒያ ሄዱ፤ ነፍስ አድኑ ጀልባ ላይ ተከራክረው በወሰኑት መሠረት ማለት ነው። ስለዚያም ጉዞ ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ዓለም ረሳቸው። ታሪኩን እንደገና ያስነሳችው እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ ሶፊ ኤልምኸርስት ናት፤ በ2024 ያሳተመችው መጽሐፍ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል፣ ርዕሱም የሁለቱ ስም ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ግን አላዩትም። ማራሊን በ2002 በካንሰር አረፈች፤ 61 ዓመቷ ነበር። ሞሪስ ከእሷ በኋላ 16 ዓመት ያህል ብቻውን ኖሮ በ2018 ሞተ።